በወር 5 ድርሃም

ጅማ መናኸሪያ አጠገብ ከወንድሜ ጋር በምንሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ወረቀት በእጄ ያልፋል። ግማሹ በአረብኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ውል ነው። ይዛው የምትመጣው ልጅ ከዴዶ፣ ከከርሳ ወይም ከሰቃ ጮቆርሳ የመጣች ትሆናለች፤ አብዛኛውን ጊዜ እናቷ ወይም አጎቷ ከጎኗ ይቆማሉ። የምትጠይቀኝ ሦስት ቅጂ እንዳወጣላት ብቻ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ከማኖሬ በፊት ዓይኔ ሁለት መስመር ይፈልጋል፤ አንደኛው የሥራው ዓይነት የተጻፈበት፣ ሁለተኛው መሠረታዊ ደመወዝ የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷን «እህቴ፣ ፈቃድሽ ከሆነ አንድ ነገር ላሳይሽ» እላታለሁ። አንዳንዷ ትቀመጣለች፤ አንዳንዷ ደላላው ውጭ ስለሚጠብቃት ቸኩላ ትሄዳለች።

ይህን ልማድ ያመጣብኝ በዱባይ ሥራ ያጣሁበት ክረምት ነው። በሰው አገር ሥራ ያጣ የውጭ ዜጋ የሥራ አጥነት ክፍያ መጠየቅ እንደሚችል ከመሄዴ በፊት ማንም አልነገረኝም፤ ሄጄም ብዙ ጊዜ አላወቅሁም። የማውቀውን በሙሉ እዚህ የምጽፈው ከጅማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ለሚሄዱት እህቶቼ አንዷ እንኳ ብታነብበው ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን ግራ መጋባት ሊያስቀርላት ስለሚችል ነው።

ወደ ዱባይ የሄድኩት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአንድ የጽዳት ኩባንያ ተቀጥሬ ቢሮዎችንና ሆቴሎችን አጸዳ ነበር። በሄድኩ በግማሽ ዓመቱ፣ ማለትም ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሥራ የማጣት መድን የሚባል ግዴታ በሥራ ላይ አዋለች። በግል ድርጅትም ሆነ በፌደራል መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅም ሆነ የውጭ ዜጋ፣ እንዲመዘገብ ታዘዘ። መሠረታዊ ደመወዙ 16,000 ድርሃም ወይም ከዚያ በታች የሆነ በወር 5 ድርሃም፣ ከዚያ በላይ የሆነ 10 ድርሃም ይከፍላል። ከፋዩ ሠራተኛው ራሱ ነው። ሥራውን ያለ ጥፋቱና ያለ ፈቃዱ ያጣ እንደሆነ፣ ከመሠረታዊ ደመወዙ 60 በመቶ ያህል ቢበዛ ለሦስት ወር ይከፈለዋል።

እኛ ዘንድ ይህ ዜና የደረሰው በቅጣት መልክ ነበር። የፈረቃ አለቃችን አንድ ምሽት በመኪና ወደ ማደሪያችን ሲመልሰን፣ ያልተመዘገበ ሰው 400 ድርሃም እንደሚቀጣ ነግሮን ወረደ። ስለ 60 በመቶውም ስለ ሦስቱ ወርም አንድ ቃል አላነሳም። እኔም በግንቦት 2015 ዓ.ም. ወደ አንድ የገንዘብ መላኪያ ቤት ሄጄ ለእናቴ ብር ስልክ፣ በዚያው መስኮት የሁለት ዓመቱን 120 ድርሃም ከፍዬ ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት ከቅጣቱ ለመዳን ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በመቶዎች የምንቆጠር ሴቶች የራሳችንን መብት በራሳችን ገንዘብ ገዝተን፣ የገዛነው ምን እንደሆነ ሳናውቅ ደረሰኙን ይዘን ተኛን።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኩባንያችን የምናጸዳውን የአንድ ትልቅ ሆቴል ውል በሌላ ድርጅት ተነጠቀ። እዚያ የተመደብነው ሠራተኞች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሕጉ መሠረት ነበር። ማስጠንቀቂያው ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ወደ ቢሮ እየተጠራን አንድ ገጽ ወረቀት እንድንፈርም ተጠየቅን። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ፈርሚ፣ ለቲኬትሽ ነው» አለኝ። ለጽዳት ሥራዬ ከሚያስፈልገኝ በላይ እንግሊዝኛ አላውቅም ነበርና ብዕሩን አነሳሁ። ከኋላዬ ተራዋን ትጠብቅ የነበረች ኬንያዊት ባልደረባዬ አንገቷን አስግጋ አነበበችና እጄን ያዘችው። ወረቀቱ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን የሚገልጽ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሥራ አጥነት ክፍያ ነገር የሚሰበረውም የሚጠገነውም እዚህ ላይ ነውና። መድኑ የሚከፍለው ለተሰናበተ ሰው ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አይከፈለውም፤ በዲሲፕሊን ጥፋት የተባረረም አይከፈለውም። ስለዚህ ሠራተኛዋ የምትፈርማት አንዲት ቃል፣ «ለቀቅሁ» ወይም «ተሰናበትሁ» የምትለው፣ የሦስት ወሩን ክፍያ የምትወስን ቃል ናት። ኩባንያው ያንን ወረቀት ያዘጋጀው መድኑን ሊያስቀርብን አስቦ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ ክፍያው ከኩባንያው ኪስ አይወጣምና። ምናልባት ለራሱ ፋይል የቀለለው እንደዚያ ይሆናል። ለእኛ ግን ውጤቱ አንድ ነው። ከእኔ በፊት ከገቡት ባልደረቦቼ ሦስቱ ፈርመው ወጥተው ነበር፤ በኋላ ጥያቄያቸው የተመለሰው በዚያው ፊርማ ነው።

እኔ አልፈረምኩም። ጸሐፊው ተቆጣ፤ ቲኬቴ እንደሚዘገይ፣ አገልግሎቴ እንደማይሰላልኝ ተናገረ። ባልደረባዬ ግን በእርጋታ፣ ማስጠንቀቂያውን የሰጠን ኩባንያው ስለሆነ ወረቀቱም ያንኑ ሊል እንደሚገባ አስረዳችው። በሦስተኛው ቀን ውሉ በአሠሪው መቋረጡን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጠኝ። ስለዚያች ሴት ባሰብኩ ቁጥር አላህ የልጆቿን ደስታ ያሳያት እላለሁ። ስምሽን እዚህ ባልጽፈውም እጅሽ እጄ ላይ እንዳለ ነው።

ከዚያ የቀረው ሥራ ጊዜን የሚመለከት ነበር። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ሥራው ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ከአሠሪ ጋር ክርክር ካለ ደግሞ ክርክሩ ከተቋጨበት ቀን ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ ጠያቂው ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት መዋጮውን የከፈለ መሆን አለበት። እኔ 14 ወር ሆኖኝ ነበር። መታወቂያዬን፣ የመቋረጫ ወረቀቱንና የባንክ ሂሳብ ቁጥሬን በስልክ አንስቼ በ11ኛው ቀን አስገባሁ። አንዲት የወሎ ልጅ አብራን የነበረች፣ መጀመሪያ አዲስ ሥራ ልፈልግና ካጣሁ እጠይቃለሁ ብላ ጠብቃ፣ በ34ኛው ቀን ብታስገባ ቀኑ አልፏል ተባለች። ያደረገችው ነገር የጨዋ ሰው አስተሳሰብ ነበር፤ ሳይቸግራት እጇን መዘርጋት አልፈለገችም። ሕጉ ግን ይሉኝታን አይቆጥርም።

ይሉኝታው እኔም ዘንድ ነበር። ማታ ቦቲም በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ለእናቴ ስደውል፣ ሥራ ሳልሠራ ብር ሊሰጡኝ እንደሆነ በነገርኳት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ልጄ፣ ያልሠራሽበት ገንዘብ ሐላል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘካ መስሏት ነበር፤ ዘካ ከሆነ ደግሞ ከእኔ የባሰ ድሃ አለ ባይ ናት። ለማስረዳት ብዙ ቃል ፈለግሁ፤ መድን፣ ኢንሹራንስ፣ ኩባንያ ብል አልገባትም። በመጨረሻ የሰፈራችን እድር ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ የሥራ እድር ነው፤ በየወሩ ከፍያለሁ፣ አሁን ሞቱ በእኔ ደረሰ» አልኳት። ያን ጊዜ ሳቀችና «እንዲያማ ከሆነ ምን ያሳፍራል፣ እድርተኛ ድንኳኑን ለምኖ አይወስድም» አለችኝ።

ከእናቴ የተሻለ ያብራራልኝ የለም። ጅማ ውስጥ የእድር መዋጮ ለተከታታይ ወራት ያልከፈለ ሰው ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ሁሉም ያውቃል፤ የዱባዩም እንዲሁ ነው። መዋጮውን ከሦስት ወር በላይ ያቋረጠ ሰው መድኑ ይሰረዝበታል፤ 200 ድርሃምም ይቀጣል። እድር ላይ የከፈለ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳንና ወንበር ሲመጣለት ቀና ብሎ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ በሰው አገርም የከፈለች ሴት ክፍያዋን ቀና ብላ ልትጠይቅ ይገባታል። ስደተኛ ናት፣ እንግዳ ናት የሚል ነገር በሂሳቡ ውስጥ የለም።

ገንዘቡ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ተማርኩ። የሄድኩት «1,800 ድርሃም ደመወዝ» ተብዬ ነው። ሰፈርም የሚያውቀው ይህንኑ ነበር፤ እናቴም ለጎረቤት የምትናገረው ይህንኑ ነበር። ውሌ ላይ ግን ይህ ገንዘብ በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ መሠረታዊ ደመወዝ 1,000 ድርሃም፣ የቀረው 800 ደግሞ አበል ተብሎ። በየወሩ ሁለቱም አንድ ላይ ስለሚገቡልኝ ልዩነቱ ሁለት ዓመት ሙሉ አልታየኝም። መድኑ ግን 60 በመቶውን የሚያሰላው ሥራው ከመቋረጡ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ከነበረው መሠረታዊ ደመወዝ አማካይ ላይ ነው። ስለዚህ የደረሰኝ በወር 600 ድርሃም ነበር፤ ከለመድኩት ገቢ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ከኩባንያው ማደሪያ ወጥቼ ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር አንድ አልጋ ተከራይቼ ስለነበር፣ ያ ገንዘብ ለአልጋውና ለዳቦ ብቻ በቃ። ወደ ጅማ የምልከው አልተረፈም።

ሥራ ሲያበቃ አሠሪው የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያም የሚሰላው በዚያችው ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። ሕጉ አንድ ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይሰጣል። የሁለት ዓመት አገልግሎቴ 42 ቀን ሆኖ 1,400 ድርሃም ተከፈለኝ። በ1,800 ቢሰላ ኖሮ 2,520 ይሆን ነበር። ይህን ልዩነት አዲስ አበባ ኤጀንሲው ዘንድ ስፈርም አንድ ሰው በጣቱ ቢያሳየኝ ኖሮ፣ ውሉን እምቢ እል ነበር ማለት አልችልም፤ ምክንያቱም ሌላ ውል አልነበረኝም። ነገር ግን ስንት እንደተቀጠርኩ አውቄ እሄድ ነበር። ሰው ዋጋውን አውቆ ሲሸጥና ሳያውቅ ሲሸጥ፣ ገንዘቡ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ልቡ ላይ የሚቀረው ነገር እኩል አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤታችን ውስጥ ያችን መስመር የማሳየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ክፍያ በመስከረም ደረሰኝ። ሦስተኛው አልደረሰኝም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ክፍያው የሚቀጥለው ጠያቂዋ አገሩ ውስጥ ሆና አዲስ ሥራ እስካላገኘች ድረስ ነው፤ አገሩን ለቅቃ የወጣች ቀን ይቆማል። በሌላ በኩል የሥራ ፈቃዷ ከተሰረዘ በኋላ እንድትቆይ የሚፈቀድላት ጊዜ የራሱ ቆጠራ አለው፤ የእኔ ቆጠራ ደግሞ ከሦስቱ ወር አነሰ። አንዱ ወረቀት ከወጣሽ አልከፍልሽም ሲል፣ ሌላው ወረቀት ካልወጣሽ በየቀኑ ትቀጫለሽ ይላል። አሥራ አንድ ቦታ ሥራ ጠየቅሁ። በሁለቱ ተስፋ ሰጥተውኝ ነበር፤ ቪዛውን ግን በራሴ ወጪ እንዳሠራ ስለፈለጉ ተውኩት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጅማ ገባሁ። ቡናው ቀልቶ ነበር፤ በአጋሮ በኩል ለቀማ ተጀምሮ ሰዉ ሁሉ ከከተማው ወደ እርሻ ሄዶ ስለነበር፣ ቤት ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

ስለ ራሴ የምለው እዚህ ያበቃል፤ የሚከብደኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ክረምት፣ በዚያው ከተማ ሥራ አጥታለች። ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ በኮንትራት የሄደች፣ በአንድ ቤት ሦስት ልጆች ያሳደገች፣ ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ የምትነሣው እሷ የሆነች ልጅ ናት። ቤተሰቡ ሌላ አገር ለመኖር ሲወስን ማዳሟ አልቅሳ ተሰናበተቻት፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ዴይራ እኔ የተከራየሁበት ክፍል መጥታ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግተን አብረን ስንተኛ፣ ደረሰኜን አሳየኋትና እሷም እንድትጠይቅ ነገርኳት። ስልኳን ከፍተን ቁጥሯን ብናስገባ ስሟ የለም። ያልተመዘገበችው በቸልተኝነት ከመሰለኝ ተሳስቼ ነበር፤ ሕጉ ራሱ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ጊዜያዊ ሠራተኞች፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ፣ ጡረታ እየተከፈላቸው አዲስ ሥራ የጀመሩና በራሳቸው ድርጅት የሚሠሩ ባለ ሀብቶች ከመድኑ ውጭ ከተደረጉት ጋር፣ የቤት ሠራተኛዋም በዚያው መስመር ውስጥ ተጽፋለች።

ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንን ነው። እኔም እጄ ላይ የነበረው ባልዲና መጥረጊያ ነው፤ እሷም እጇ ላይ የነበረው ባልዲና መጥረጊያ ነው። እኔ የጠረግሁት የሆቴል ወለል ስለሆነ ሠራተኛ ተባልኩ፤ እሷ የጠረገችው የሰው ሳሎን ስለሆነ ከሕጉ ቀረች። የሥራ ሰዓቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ዕረፍቷ ከእኔ ያንስ ነበር፤ ብትወድቅ የሚደግፋት ደግሞ ጨርሶ አልነበረም። እንደ እኔ በወር 5 ድርሃም ክፈይ ብትባል በደስታ ትከፍል ነበር። መዋጮውን ለመክፈል የምትችል፣ የምትፈልግና ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት ሰው ተመርጣ የተተወችበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አጥጋቢ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። የቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሌላ ሕግ አላቸው ይባላል፤ እውነት ነው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አለ። ሥራ የማጣት መድኑ ግን በሩን ለእነርሱ አልከፈተም።

ከአካባቢያችን የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ በቤት ሠራተኝነት እንደሚሄዱ በእጄ ከሚያልፉት ወረቀቶች አያለሁ። ብዙዎቹም የሚሄዱት ወደ ሳዑዲ ነው። ሳዑዲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የሥራ አጥነት መድን ለራሷ ዜጎች ብቻ ነው። በባህረ ሰላጤው አገሮች የመጀመሪያውን የሥራ አጥነት መድን ሕግ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ባህሬን ናት። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ገና ከመነሻው ውጭ አድርጓቸዋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ሻንጣቸውን ጥለው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። ያን ምስል እኛ ቤት በቴሌቪዥን ስናይ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ያን ጊዜ እኔ ገና አልሄድኩም ነበር፤ ያም ሆኖ ሄድኩ።

በሰው አገር ሕግ ላይ ይህን ያህል ከተናገርኩ ስለ አገሬም መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ የሥራ አጥነት መድን የለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ለጡረታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይከፈላል። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ሰው ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ክፍያው የሚመጣው ከአንዱ አሠሪ ካዝና ስለሆነ፣ ድርጅቱ ባዶ እጁን ሲዘጋ ሠራተኛው ተከራክሮ ቢረታም የሚወስደው ነገር ላይኖር ይችላል። እንደ እድር ከብዙ ሰው ተሰብስቦ የተቀመጠ ሣጥን የለም። እድርን የፈጠረ ሕዝብ ለሥራ የሚሆን እድር መሥራት አያቅተውም ብዬ አምናለሁ።

ያም አዋጅ ቢሆን ግን በአንቀጽ 3 ላይ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ያወጣል፤ የሥራ ሁኔታውንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ይተወዋል። በቀላል አማርኛ፣ ቤታችን ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው፣ ልብሳችንን የምታጥበው ልጅ የስንብት ክፍያ ከሚያገኙት መካከል አይደለችም ማለት ነው። ይህን ያነበብኩት አንድ ተማሪ አዋጁን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ አምጥቶት ነው። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአክስቴን ልጅ ዴይራ ውስጥ ከሕጉ ያስቀረውና እኛ ቤት ያለችውን ልጅ ጅማ ውስጥ የሚያስቀረው አሳብ አንድ ነው፤ የቤት ውስጥ ሥራ ሥራ አይደለም የሚል አሳብ።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከዴዶ የመጣች አንዲት ልጅ ታግዘናለች። በየወሩ የምንከፍላትን ገንዘብ እናቴ ቆጥራ ትሰጣታለች፤ ወረቀት አልነበረም። አዋጁን ያነበብኩ ዕለት ማታ ሱቁ ውስጥ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት የምታርፍበት ቀን፣ እንድትሄድ ብንፈልግ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንደምንሰጣትና ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንደምንጨምርላት። እናቴ ሳነብላት «ይህ ሁሉ ከእኛ አቅም ይሆናል ወይ?» አለች። አብረን አሰላነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከተቀመጠ ይሆናል። እናቴ ለእድሩ መዋጮ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ አጠገብ ሌላ ቆርቆሮ አኖረች።

የአክስቴ ልጅ ሌላ ቤት አግኝታ እዚያው ዱባይ ቀርታለች። ደመወዟ በ200 ድርሃም ጨምሯል። በየጊዜው ስንደዋወል፣ ሕጉ የተለወጠ እንደሆነ ሰምቼ እንድነግራት ትጠይቀኛለች፤ እኔም እከታተላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከከርሳ አንዲት ልጅ ከአጎቷ ጋር መጣች። ውሏን ማሽኑ ላይ ሳላኖር አነበብኩ። ለሳዑዲ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ይላል። አጎትየው ነገሬ ሲገባቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ «እስቲ አንቺ ያየሽ ልጅ ንገሪን፣ ሥራው ቢበላሽባት የሚከፍላት አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። ለኩባንያ ሠራተኛ የምጽፍላትን፣ 30 ቀን የሚለውንና «ለቀቅሁ» በሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም የሚለውን፣ ለእርሷ የምጽፈው አልነበረኝም። ስለዚህ ሌላ ነገር ነገርኳት፤ ደመወዟን በየወሩ በባንክ እንድትቀበል፣ ካልሆነም በተቀበለች ቁጥር ቀኑንና መጠኑን በደብተር እንድትጽፍ፣ የውሏን ፎቶ ግራፍ ለአጎቷ ስልክ ልካ እንድታስቀር፣ ከምትልከው ብር ቢያንስ ጥቂቱ በስሟ እንዲቀመጥላት ከቤተሰቧ ጋር ሳትሄድ እንድትነጋገር። አጎትየው የመጨረሻውን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ፤ ልጅቷ ግን ቀና ብላ አየቻቸው። አራተኛ ቅጂ አውጥቼ፣ ጀርባው ላይ ያልኳትን በሙሉ በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋት። የእኛ ስልክ ቁጥር ታች ላይ አለ። ሂሳቡን የሦስቱን ብቻ ነው የተቀበልኳቸው።